ቅቤ የጠጣ ፈቃድ

ደብረ ታቦር ሰው ሲያየኝ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «የማን ነሽ?» ብሎ ነበር። በአገሬ በሸዋ ቢሆን የአባቴን ስም ጠርቼ፣ የአያቴን ጨምሬ፣ ርስታችንን ጠቁሜ እገላገል ነበር። እዚህ ግን የአባቴን ስም ብጠራ የሚያውቀው የለም። ለጥያቄው መልስ የምትሆነኝ መዳፍ የምታህል አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች። ያቺን ወረቀት እንዴት እንዳገኘኋት፣ በገዛ ጥንቃቄዬ እንዴት እንዳበላሸኋት፣ እግዚአብሔርም በማን አፍ እንደ መለሰልኝ ልጻፍ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው። ባሌ ወታደር ነበር። ጃንሆይ ሸዋን ይዘው ሲመለሱ እሱ ከሠራዊቱ ጋር ሄደ፤ እኔም ስንቁንና ድስቱን በአህያ ጭኜ ከጓዙ ኋላ ኋላ መጣሁ። በሦስተኛው ዓመት ይፋግ ቆላው ላይ ንዳድ ያዘውና ሞተ። ተዝካሩን አውጥቼ ወደ አገሬ ልመለስ ስል መንገዱ በሽፍታ ተዘጋ። «ዘንድሮ ይከፈታል» ሲሉኝ ዓመቱ ዞረ። አባቴ ቄስ ስለ ነበሩ በልጅነቴ ከወንድሞቼ ጎን አስቀምጠው ፊደል አስቆጥረውኛል፣ ዳዊት አስደግመውኛል። በሰው አገር የቀረኝ ሀብት እሱ ነበርና፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎጆ ለምኜ፣ ጥጥ እየፈተልሁ ዳዊቴን እየደገምሁ ተቀመጥሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ የቅኔ ተማሪዎች ሰፈር ነበር። ከጎጃም የመጣ አለ፣ ከላስታ አለ፣ ከትግሬ አለ። ከሰዓት በኋላ ደበሏቸውን ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም!» እያሉ በየደጁ ይለምናሉ። አንድ ቀን አንዱ ቁራሹን ተቀብሎ ሳይሄድ ቀረ።

«ምነው ልጄ፣ አነሰህ?» አልሁት።

«አላነሰኝም።»

«ታዲያ?»

«እሜቴ፣ እናቴም ቁራሽ ስትሰጥ እንደ አንቱ በሁለት እጇ ነው» አለና ፊቱን በደበሎው ሸፈነ።

ከደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም እንዝርቴን ይዤ ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ። በጎች እስኪገቡ ድረስ ያወራ እሱ ነው። ምን እንዳለኝ አልጽፍም። በማግስቱ ግን ከጉባኤው አልቀረም፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌሎች ሁለት መጡ። ወር ሳይሞላ የኔታ ራሳቸው፣ የቅኔው መምህር፣ አለንጋቸውን እንደ ያዙ ከደጄ ቆሙ።

«አንቺ የሸዋ ሴት! ለተማሪዎቼ ምን እያልሽ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኳቸውም የኔታ። እነሱ ናቸው የሚሉት።»

«ለኔ አንድ ቤት ቅኔ የማይመጣለት ሁሉ፣ ላንቺ ይህ ሁሉ ወሬ ከየት መጣለት?»

«አንቱ ሲጠይቋቸው አለንጋው በእጅዎ ነው» አልኋቸው። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ደነገጥሁ።

አለንጋውን አዩት፤ ከዚያ ወደ ኋላቸው ደበቁት። እንዲህም አሉ፦ «ክረምት ሲመጣ ጥለውኝ የሚጠፉት ሰነፎቹ አይደሉም። ልባሞቹ ናቸው። ናፍቆት ነው የሚያጠፋብኝ፤ እኔ ደግሞ ናፍቆትን በአለንጋ አላስወጣሁም። በይ ምከሪያቸው። ግን በጎጆ ውስጥ አይሁን።»

«ከቅጽሩ በር ከወይራዋ ሥር፣ ሁሉ በሚያየኝ ቦታ እቀመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ። የነገሩኝን ለማንም አልናገርም።»

«ለኔም?»

«ለአንቱም።»

አልወደዱትም፤ ግን እሺ አሉ።

በወይራዋ ሥር ብዙ ሳልቀመጥ አንድ ዘብ መጥቶ አስነሣኝ። ከተማው የጦር ሰፈር ነበርና የሚከዳ አይጠፋም፤ ስለዚህ የከተማው ሹም፣ እንግዳ የሆነ ሰው ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስቦ እንዳይመክር አዋጅ አስነግረው ኖሯል። የኔታ ዋስ ሆነውኝ ከሹሙ ፊት ወሰዱኝ። ሹሙ የነፍስ አባቴን ጠየቁኝ፤ ስለ ባሌ ጠየቁኝ፤ ዳዊት አንብቢ ብለው ሰጡኝና አነበብሁ። በመጨረሻ ሹሙ ጺማቸውን እያሻሹ «ተማሪ መጥቶ፣ ትምህርቱን ትቼ ወታደር ልሁን ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?» አሉ።

አትሁን ብል ጌታዬ የጦር ሰው ናቸው። ሁን ብል የኔታ ከጎኔ ቆመዋል።

«መጀመሪያ ምሳህን በልተሃል ወይ እለዋለሁ» አልሁ። «ካልበላ፣ በልተህ ና እለዋለሁ።»

ሹሙ ሳቁ፤ ወረቀቷም ተጻፈችልኝ። «ይህች ሴት የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎችን እንድትመክር ፈቅጃለሁ፤ ማንም እንዳይነካት» ይላል፤ ከሥሩ ማኅተም አለ። ዓመት ዓመት መስቀል ሲያልፍ እያመጣሁ እንዳሳድሳት ታዘዝሁ።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። የጉና ተራራ ጭጋግ እቤት ድረስ ገብቶ ልብስ የሚያረጥብበት አገር ነው፤ አይጥ አለ፣ ጭስ አለ፣ ጣራውም ያፈሳል። ስለዚህ ወረቀቷን ከአንገት ጸሎቴ ጋር አጥፌ ለቆዳ ሰፊ ሰጠሁና፣ እንደ ክታብ አሰፍቼ አንገቴ ላይ አሰርኋት። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ የለም ብዬ ነበር። ፋሲካ ደረሰ። የባሌ ሐዘን ዓመት ካለፈው ቆይቶ ነበርና፣ ጎረቤቴ፣ ከጉና ሥር የተዳረች ገበሬ ሴት፣ «ሐዘን ይብቃሽ፤ ክርስቶስም ተነሥቷል» ብላ በግድ አስቀምጣ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ከመረችልኝ። የፋሲካ ፀሐይ መታኝ፤ ቅቤው በጆሮዬ በኩል ወርዶ አንገቴን አራሰኝ። እኔ እግዚአብሔር ይስጥሽ እያልሁ እመርቃታለሁ።

መስቀል አለፈ፤ የማሳደሻዬ ቀን ደረሰ። ሹሙ ተሽረው ሌላ ተሾመው ነበር። የኔታ ደግሞ ለተዝካር ወደ ገሳይ አገር ሄደው አልተመለሱም። ወረቀቴ አንገቴ ላይ ናት ብዬ ማንንም ሳልጠብቅ ብቻዬን ሄድሁ። የሹሙ ጸሐፊ ብዕሩን በሚቀርጽበት ቢላዋ የቆዳውን ስፌት ፈታ፤ ወረቀቷን አወጣ። በፀሐይ አንጻር ሲያነሣት ጣቶቹ በወረቀቷ ውስጥ ታዩኝ። ጽሕፈቱ ፈስሷል፤ ማኅተሙ ተዘርግቶ እንደ ጥቁር ደመና ሆኗል።

«እመይቴ» አለ ጸሐፊው፣ «ይኼን አሳተሙት ወይስ አነጠሩት?»

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። «ለሽሮ ይሆናል፣ አትጣለው!» አለ አንዱ። እኔ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ።

ነገሩ አዲሱ ሹም ዘንድ ደረሰ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን አያውቁኝም። «ወረቀትሽ ወረቀት አይደለም» አሉኝ። «መካሪ ከሆንሽ የመከርሻቸው ሰዎች ይኖራሉ። ሦስቱን አምጪና ምን እንደ ነገሩሽ፣ ምን እንደ መከርሻቸው በፊቴ ይናገሩ። እስከ ሦስት ቀን። ካልሆነ የተማሪውን ሰፈር ልቀቂና ወደ አገርሽ ሂጂ።»

ወደ አገርሽ ሂጂ። መንገዱ ዝግ እንደ ሆነ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

እቤት ስደርስ ጎረቤቴ ነገሩን ሰምታ ራሷን ይዛ አገኘኋት። «የኔ ቅቤ ነው ጉድ ያደረገሽ! ውይ ቅቤውን ይውሰደው!» ካለች በኋላ ግን ተረጋግታ፣ «ምን ያስጨንቅሻል? ሦስት ልጅ ጥሪና ይመስክሩልሽ» አለችኝ።

«ምን ብለው?»

«መከረችን ብለው።»

«ስለ ምን ነው የመከረቻችሁ ሲባሉስ?»

«እንግዲያ ትንሽ ይዋሹ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«በሹም ፊት? በማኅተም ፊት?»

«እንዲያ ከሆነ አንቺው ታውቂያለሽ» ብላኝ ተቆጥታ ወጣች።

ለተማሪዎቹ አልነገርኋቸውም። ብነግራቸው ይሉኝታ ይዟቸው መምጣታቸው አይቀርም፤ ያንዱ ነገር በአደባባይ ቢወጣ ለአለንጋ ነው፣ ያንዱ ደግሞ ለዕድሜ ልክ መሳለቂያ። ሁለቱን ቀን ከወይራዋ ሥር እንደ ልማዴ ዋልሁ፤ የመጡትን አዳመጥሁ። ሲሄዱ ግን ጓዜን በዓይኔ እሸክፋለሁ፦ ዳዊቴ፣ እንዝርቴ፣ አንድ ድስት። የእመቤታችንን ስም እየጠራሁ፣ አገር አስለምጂኝ ብዬ የለመንኋት እኔ፣ አሁን አገር አታስለቅቂኝ እላታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሹሙ ፊት ቆምሁ።

«ምስክሮችሽስ?» አሉ።

«አላመጣሁም ጌታዬ።»

«የመከርሽው ሰው የለማ።»

«አለ ጌታዬ። ግን የነገሩኝ ለኔ ብለው ነው። የነሱን ነገር ከዚህ አምጥቼ ፈቃድ ባገኝበት ከነገ ጀምሮ ማን ይነግረኛል? ወረቀቱ ይኖረኛል፤ ሥራው አይኖረኝም።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ «በዚህ ዓይነትማ ሚስቴም መካሪ ነኝ ትላለች፤ ምስክር ስትባል ምስጢር ነው ትላለች» አለ። ሰዉ ሳቀ። ሹሙም ፈገግ አሉ፤ እጃቸውን አንሥተው ሂጂ ሊሉኝ ሲሉ፣ ከበስተኋላ «እኔ አለሁ! ዋስዋ አለሁ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

የኔታ ነበሩ። በቅሏቸው እስከ ሆዷ ጭቃ ለብሳለች። ከኋላቸው ነጠላዋን በወገቧ ያሰረች ጎረቤቴ ታለከልካለች። ለካ ተቆጥታ የወጣችው በገሳይ መንገድ ገስግሣ የኔታን ልትጠራ ኖሯል።

ሹሙ ለመምህሩ ክብር ተነሡ። «መምህር፣ ዋስ አይበቃኝም። የመከረችውን ሰው ነው የጠየቅሁ።»

«የመከረችው ሰው እኔ ነኛ» አሉ የኔታ።

ይህን እዚህ እስክደርስ ያልጻፍሁት የሳቸው ስለ ነበረ ነው። አሁን ግን በአፋቸው አደባባይ ስላወጡት ልጽፈው እችላለሁ። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን፣ ተማሪዎቹ ለልመና ሲወጡ፣ የኔታ መጥተው ከወይራዋ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ግራ ጆሮዬ መስማት ትቷል» አሉ ለሹሙ። እያንዳንዷን ቃል እንደ ድንጋይ እያነሡ ያወጧት ነበር። «ልጆቹ ቅኔ ሲቆጥሩልኝ እኩሌታው ያመልጠኛል። ያልሰማሁትን አሳልፌ፣ የሰማሁትን ተቆጣሁ። የቅኔ መምህር ጆሮው ከሞተ ምን ቀረው? ወንበሬን ትቼ፣ ምክንያቱን ሳልናገር ገዳም ልገባ ጓዜን አስሬ ነበር። ለነፍስ አባቴ እንኳን ሳልናገር ለሷ ነገርኋት። እሷ ምን አለችኝ? አልቅሰው አላለችኝም፤ ጸልየው ብቻም አላለችኝም። ‹ቀኝ ጆሮዎ ይሰማል?› አለችኝ። ይሰማል አልሁ። ‹እንግዲያ ወንበርዎን አዙረው ልጆቹን በቀኝዎ ያስቀምጧቸው› አለችኝ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀኜ ናቸው። ክረምቱ አለፈ፤ ጎጆው ይጠብባል እንጂ የጠፋብኝ ልጅ የለም። እነሱ ምን እንደ ነገሯት አላውቅም። ጠይቄያት ነበር፤ እንቢ አለችኝ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ።

«መምህር» አሉ ሹሙ ቀስ ብለው፣ «ይህን በአደባባይ ሲናገሩ አላፈሩም?»

«አፈርሁ እንጂ!» አሉ የኔታ። «እሷ ግን የኔን ነገር በሆዷ ይዛ ሽፍታ ወዳለበት መንገድ ልትወጣ ነበር። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ለየትኛው ቅኔ እሆናለሁ?»

ሹሙ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ጻፍላት። እንደ ድሮው አድርገህ ጻፍ። ‹የሰማሽውን ግለጪ ብሎም ማንም እንዳያስገድዳት› ብለህ ጨምርበት።»

ጸሐፊው ጻፈ። ማኅተሙ ሲረገጥ ጆሮዬ ውስጥ የሰማሁት ድምፅ፣ ጥፍ የምትል ትንሽ ድምፅ ናት፤ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ጸሐፊው እፍ፣ እፍ ብሎ አደረቃትና በሁለት እጁ ሰጠኝ። «እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ደግሞ የኔን ሚስት አንድ ቀን ይምከሯት።»

«እርሷ ከፈለገች» አልሁት።

ከአደባባዩ እስክንወጣ ጸንቼ ሄድሁ። ጎረቤቴ ወደ ቤቷ ቀድማ ነበር፤ ከብቶቿ ሳይታለቡ ቀርተዋል። የኔታ በቅሏቸውን እየሳቡ ከጎኔ ይሄዳሉ። የገበያው መንገድ ሲያበቃ ከአንድ የገብስ ማሳ ዳር፣ ከካቡ ላይ ተቀመጥሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ያልበላሁ መሆኔ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ወረቀቷን በጭኔ ላይ ዘርግቼ አነበብኋት፤ ደግሜ አነበብኋት። ከዚያ ዕንባዬ መጣ። የሐዘን አልነበረም፤ ከባድ ሸክም ከወረደ በኋላ ትከሻ እንደሚንቀጠቀጥ ያለ ነው።

«የኔታ፣ ይሂዱ፤ እደርስብዎታለሁ» አልኋቸው። ሴት ስታለቅስ አይተው እንዳያፍሩልኝ ብዬ ነው።

አልሄዱም። በቅሎዋን ከካቡ ላይ አሰሩ። እኔን ሳያዩ፣ ጉናን እያዩ፣ ከካቡ ጫፍ ተቀመጡ፤ ተነሡና ደግሞ በሌላው ወገን ተቀመጡ። አልቅሼ እስክጨርስ ድረስ የማይሰማውን ጆሯቸውን አዞሩልኝ።