ከነስርዝ ድልዙ

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በሚኒ ሚዲያው ማይክ የሚነበበው የእኔ ጽሑፍ ነው! የአማርኛ መምህራችን ኮሪደር ላይ ጠርተው ሲነግሩኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው፣ «በንጹህ ገልብጬ ላምጣው?» የሚል ነበር።

«አይሆንም» አሉኝ። «ከነስርዝ ድልዙ ነው የወደድኩት።»

እስከ ቤት በሩጫ ሄድኩ። የደብረ ብርሃን ብርድ ያን ቀን እኔን አላገኘኝም። ለእናቴ ነገርኳት፣ ለጎረቤት ነገርኩ። በመጀመሪያ ልነግራት የሚገባኝ ልጅ ግን ክፍላችን ውስጥ የለችም። የሌለችው ደግሞ በእኔ ምክንያት ነው።

አምና ሰባተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። ቤተሰቦቿ ከወለጋ ተፈናቅለው መጥተው መጠለያው ውስጥ ነው የሚኖሩት። የቤት ሥራዋን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሳትወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትጨርሳለች። «እቤት ከገባሁ አበቃ፤ ጉልበቴ ላይ ሕፃን፣ ጭንቅላቴ ላይ ሸራ» ትለኛለች።

እኔ ሌላ ነኝ። ወንድሜ «ነገ!» ብሎ ኳሱን ይዞ እየሳቀ ይወጣል፤ ነገ ሲመጣ ይቀጣል፣ ይረሳዋል። እኔ ነገ ማለት ያስፈራኛል። ወዲያው ነው የምቀመጠው፣ ግን አንድ ፊደል ከጠመመብኝ ገጹን ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ። እናቴ ለሁለታችንም አንድ ስም ነው ያላት፣ ዳተኛ። ለእኔ ብቻ ደግሞ፣ «አንቺ ልጅ፣ ደብተሩን ልታጠኚው ነው ወይስ ልትድሪው?» የሚል ጨምራ።

የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራችን በጥንድ የሚሠራ ሥራ ሰጡን። እኛ የደረሰን ከደብረ ብርሃን በአንኮበር አድርጎ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ነበር። አክስቴ አንኮበር ስላለች እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ እሷ አይታውም አታውቅ። ቢሆንም ቅዳሜ ገበያ ሄዳ የአልዩ አምባ ነጋዴዎችን አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ብርዱ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ምን ጭነው እንደሚወጡ፣ ምን ይዘው እንደሚወርዱ። አንዱ አዛውንት፣ «አንቺ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ከምትጠይቂ ጭነን እንውሰድሽ» ብለው አሳቋት።

በሳምንት ጨረሰችው። ትርፍ ደብተር ስላልነበራት የጻፈችው በእኔው ደብተር የኋላ ገጾች ላይ ነበር። «ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው፤ አንቺ በንጹህ ገልብጪው» ብላ ሰጠችኝ።

ከፊት ጀመርኩ። ርእሱ ጠመመ፣ ቀደድኩ። ካርታው ላይ መንገዱ ወፈረብኝ፣ ቀደድኩ። በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

«እህ፣ ደረሰ?»

«ትንሽ ቀረው።»

«ትንሹ ስንት ቀን ነው?» አንድ ቀን ደግሞ መረራት፤ «ጠማማም ቢሆን ስጪያቸው በቃ! መምህሩ ፊደልሽን ሊያገቡት ነው እንዴ?»

ሳቅኩ። ያኔ መሳቅ አልነበረብኝም።

ማስረከቢያው ሲቃረብ ቀሪውን ልገለብጥ ወደ ኋላ ብገልጥ ግማሹ የለም። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር መሃሉ ላይ በሽቦ ነው የሚያያዘው፤ የፊቱን ገጽ ስትቀድ መንትያው ከኋላ ይላቀቃል። ይኼን የማያውቅ ተማሪ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ዓይኔ የፊቱ ገጽ ላይ ብቻ ነበር። እኔ ስቀድ የእሷ ገጽ እየተላቀቀ ይወድቃል፣ እናቴ ወረቀት አገኘሁ ብላ ከሰል ታቀጣጥልበታለች። የነጋዴዎቹ ወሬ፣ ብርዱ የሚያልቅበት ቦታ፣ ሁሉም ነደደ።

ለጓደኛዬ አልነገርኳትም። መምህሩ ሲጠሩን፣ «ነገ አመጣለሁ» አልኩ። «ነገ የለም» አሉ። ለሁለታችንም ዜሮ።

እኔ ሌላው ውጤቴ ደግፎኝ አለፍኩ። እሷ ለጥቂት ወደቀች። እናቷ ቀድመው፣ «እስካለፍሽ ተማሪ፤ ለመድገም ግን አቅም የለኝም» ብለዋት ነበር። ሰኔ ሠላሳ ካርዷን አየችው፣ አጠፈችው። ገጾቹ እንዴት እንደጠፉ ያኔ ነገርኳት።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ አልመጣችም። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ስታጥብ አገኘኋት። «ስምንተኛ ምን ትማራላችሁ?» አለችኝ እጇን ሳታቆም። ደብተሬን አመጣልሻለሁ አልኳት፤ በንጹህ ገልብጬ። አዎ፣ በንጹህ ገልብጬ ነው ያልኳት! ሁለት ወር አለፈ። የገለበጥኩት አንድ ገጽ ነው፤ እሱንም ቀድጄዋለሁ። ከአምናው አልተማርኩም። በዚያ ሻይ ቤት በኩል ማለፍ ትቼ በዙሪያው መሄድ ጀመርኩ። ሰኞ የሚነበበውን ጽሑፌን የጻፍኩት እንዲያ በምዞርበት ሰሞን ነው፤ ስለ ቀደድኳቸው ገጾች ነው፤ ሳልቀድድ የጨረስኩት የመጀመሪያዬ ነው።

የአማርኛ መምህራችን ጽሑፉን ሲመልሱልኝ ሌላም ነገር ነግረውኝ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት የሚኒ ሚዲያው ክፍል ክፍት ነው፣ ያልጨረሰውን ያንጠለጠለ ሁሉ ይዞ ይምጣ፣ ከትምህርት ቤት የቀረም ቢሆን። ዛሬ ደብተሬን ከነስርዙ፣ ከነቀለም ጠብታው ይዤ ሻይ ቤቱ ገባሁ። ስለ ሰኞውም፣ ስለ ቅዳሜውም ነገርኳት። እጇን በሽርጧ አደራርቃ ገለጠችው።

«ይኼ ምን የዶሮ ጭረት ነው?» አለች። አልሳቀችም። ግን ደብተሩን አልመለሰችልኝም፤ ከብርጭቆዎቹ በላይ፣ ውኃ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

ትምጣ አትምጣ አላውቅም። የጠፋውን ዓመቷን ደብተር እንደማይመልሰው ግን አውቃለሁ። እናንተ የጀመራችሁት ያላለቀላችሁ ግን ቅዳሜ ጠዋት ኑ። የጠመመውን፣ የተሰረዘውን፣ ግማሽ የቀረውን ይዛችሁ ኑ። በመንገድ ላይ ደግሞ እባካችሁ በንጹህ አትገልብጡት።