የማትጠፋው መስመር

ከሌላ ድርጅት የተላከችልን ሴት ጥፍሮቿን እስከ ሥጋው በልታቸዋለች። ታይፔ ውስጥ ሰርቨር እንዳያስቸግር እንደ ክታብ አናቱ ላይ የምናስቀምጠውን ባለ አረንጓዴ ከረጢት ችፕስ አንስታ የሚያልፍበትን ቀን አየች፤ አልፎበታል። ከቦርሳዋ አዲስ አውጥታ ተካችና ማሽኖቹን የሚያድሰውን ፕሮግራሟን አስነሳች። «መጠባበቂያ ቅጂ ከሌለ ቁም» ብላ የጻፈችው መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ኧረ እህቴ፣ ያቺን መስመር አጥፊያትና እንለፍ!» አለ አለቃችን ሊያው። «ቅጂው የት ይሄዳል? ይኖራል።»

«እኔም አንድ ቀን ይኖራል ብዬ አልፌ ነበር። መስመሯ አትነካም» አለች። ያኔ ምን እንደጠፋ አልነገረችንም።

ሊያው ሲነጫነጭ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አሮጌውን ችፕስ ዘረጋችለት።

«ቅጂው እስኪሠራ ይቅመሱ፤ ደህና ይሆናል።»

ተቀበላት። ከመቅደዱ በፊት ግን ገልብጦ ቀኑን አየ።