የሳሎኔ ታፔላ

ባለቤቴ ሲጋራ ያቆመው ሐኪም ተቆጥቶት ነው። ወጣቱ ሐኪም የደረቱን ራጅ መብራት ላይ ሰቅሎ ካሳየው በኋላ፣ «ከዚህ በኋላ ካጨሱ እኔ ጋ አይምጡ፣ ንስሐ አባትዎ ጋ ይሂዱ» አለው። ልጃችን ሊሆን የሚችል ሰው እንዲህ ሲናገረው ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ኮፍያውን አድርጎ ተነሳ። ከሆስፒታሉ ወጥተን ባጃጅ እስክናገኝ ፓኬቱን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ጨብጦት ቆየና ቦዩ ውስጥ ጣለው።

ማቆም ሲሉት ቀላል ይመስላል። ሰውየው ቤት ውስጥ እሳት ሆነ። ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ይቆጣል፣ ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ይቆጣል፣ የሚቆጣበት ሲያጣ እኔ ዝም በማለቴ ይቆጣል። ጠዋት ጠዋት ከጅግጅጋ ወደ ሥራው ወደ ቀብሪበያ የሚወስደው ሚኒባስ ሾፌር ደግሞ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ከራሱ በላይ ለጥፎ፣ እሱው ከሥሩ ተቀምጦ ያጨሳል። የኔው ሰው መንገዱን ሙሉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አቧራ እየጠጣ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ቅርንፉድ ያኝካል። ሸሚዙ፣ ትራሱ፣ ሁሉ ነገሩ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ቁጣውንም ሽታውንም ቻልኩት፤ ያ አንሶላውን ጨብጦ የሚያስለው ሳል እየቀነሰ ነበርና።

እውነቱን ለመናገር፣ ያገዘው ሻይ ቤቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የሚቀመጥበት፣ ከቤታችን ብዙም የማይርቅ ሻይ ቤት አለ። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስ የሚከለክለው ሕግ ከወጣ በኋላ ተቆጣጣሪ መጣና ባለቤቱን አስጠንቅቆ ሁለት ታፔላ ሰጠው፤ አንዱ በሶማሊኛ፣ አንዱ በአማርኛ። ተቆጣጣሪው ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከሦስቱ ጓደኞች አንዱ ነው፣ ያውም ከሁሉም የባሰው አጫሽ። የቀሩት ሁለቱ መለዋወጫ የሚሸጥ ሶማሌ ነጋዴና ባለቤቴን ከልጅነቱ የሚያውቀው ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ሻይ ቤቱ ባለታፔላ ከሆነ በኋላ ማጨስ ያማረው ውጭ ይወጣል፣ ባለቤቴ ሻዩን ይዞ ውስጥ ይቀራል። «ይህን ሕግ ያወጣ እጁ ይባረክ» እያለ ይመጣ ነበር። እኔም አሜን እል ነበር።

ታዲያ እነዚያ ጌቶች ፀሐይ ላይ መቆም ሰለቻቸው። ተቆጣጣሪውማ ጭራሽ ተቸገረ። እሱ ራሱ ካስጠነቀቀው ሻይ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲያጨስ ሰው ቢያየው ምን ይባላል? ስለዚህ አንድ ቀን ባለቤቴን፣ «ያንተ ሳሎን እኮ ሰፊ ነው» አለው። አለቀ። እኛ አገር እንዲህ ተብሎ እንቢ የሚል ወንድ አልተወለደም። ጠዋት አስተምሬ ተመልሼ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም በሩ ተንኳኳ፤ ሦስቱም ጫታቸውን በላስቲክ አንጠልጥለው ቆመዋል። ነጋዴው፣ «አባዮ፣ አስቸገርንሽ» አለኝ። እህቴ ማለቱ ነው። ጨዋ ሰው ነው። ሦስቱም ጨዋ ናቸው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ጨዋነታቸውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ማቆሙን ስለሚያውቁ «ለእሱ ስንል» ብለው መስኮት ከፈቱ። ጭሱንም በእሱ በኩል አይተፉም፣ ፊታቸውን ወደ ጓዳው በር አዙረው ነው የሚያቦኑት፤ ማለትም ወደ እኔ። እሱን ደግሞ አክብረው መሀል ፍራሽ ላይ፣ በግራም በቀኝም ትራስ ደግፈው አስቀመጡት። ጭሱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያው መሀል ነው። አንዱም እንኳ ሲጋራ አውጥቶ «እንካ» አላለውም። ይህን እንደ ትልቅ ውለታ ይቆጥሩት ነበር። ለሳንባውማ የሦስት ሰው ጭስ በነፃ ይደርሰዋል፤ ግብዣ ምን ያደርግለታል?

በማግስቱም መጡ። ከዚያም በየቀኑ። እኔ ሻይ አፈላለሁ፣ መተርኮሻ አጥባለሁ፣ መጋረጃ አጥባለሁ። ሳሉ ተመለሰ። «ንገራቸው» እለዋለሁ፣ «በቤቴ እንግዳዬን አታጭስ ልበል?» ይለኛል። «አዎ በል» እለዋለሁ። እብድ እንደሚያይ ያየኛል። አባቱ በውትድርና መጥቶ ጅግጅጋ ከሰፈረ ጀምሮ ከዚያ ቤት እንግዳ ቅር ብሎት ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን ሺህ ጊዜ ነግሮኛል። ራጁ ቁም ሳጥናችን ላይ ተቀምጧል፣ እሱ ስለ እንግዳ ያወራልኛል!

ቆሽቴን ያሳረረኝ ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ሻይ በትሪ ይዤ ስገባ የነጋዴው ስልክ ጮኸ። ነጋዴው ሲጋራውን ለባለቤቴ አቀበለና፣ «አንዴ ያዝልኝ» ብሎ ወጣ። ባለቤቴ ያዘለት። በሁለት ጣቱ፣ እንደ ድሮው፣ አውራ ጣቱን ከሥር ደገፍ አድርጎ። ሌላ ሰው ቢያየው ለወዳጁ ሲጋራ የያዘ ሰው ነው። እኔ ግን ያን እጅ ከጋብቻችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። እጁ ወደ አፉ መንገድ ጀምሮ ነበር። ሲያየኝ አቆመ። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ነጠላዬን አንስቼ፣ በጓዳው በር ወጣሁ።

በቀጥታ ሻይ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱን የአማርኛውን ታፔላ ስጠኝ አልኩት። «እትዬ፣ ተቆጣጣሪው ይጠይቀኛል» አለ። «ተቆጣጣሪው የት እንዳለ ልንገርህ? ሳሎኔ ውስጥ ተጋድሞ እያጨሰ ነው» አልኩት። ሰውየው ትንሽ አሰበና ራሱ በካቻቪቴ ፈቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። የሶማሊኛው ለሁሉም ይበቃል አለ።

በማግስቱ ሳይመጡ በፊት ከፍራሹ በላይ በሁለት የብሎኬት ሚስማር መታሁት። ባለቤቴ ከቀብሪበያ ሲገባ አየው። «አውርጂው» አለኝ። «አላወርድም።» «ታዋርጂኛለሽ?» «አዎ፣ ከምትቀበር ተዋረድ» አልኩት። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

ሦስቱም ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ቀና ብለው አዩ። አስተማሪው ያንን ልጆች የሚያርምበትን ጉሮሮውን ጠረገ። ተቆጣጣሪው ሳቀ። የገዛ እጁ ሥራ ነው፣ እንዴት አይስቅ! «እሜቴ፣ ይኼ እኮ ሕዝብ ለሚሰበሰብበት ቦታ ነው። ሕጉ መኖሪያ ቤት አይገባም» አለኝ።

«ሕጉ ካልገባ ጭሱን ማን አስገባው?» አልኩት። «ከሻይ ቤት አባርረህ ያመጣኸው አንተ ነህ። እዚያ አስጠንቅቀህ እዚህ ታጨሳለህ። የሻይ ቤቱ ደንበኛ ሳንባ አለው፣ የእኔ ባል የለውም?»

ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ በተሻለኝ። ነጋዴው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ «አባዮ፣ ልክ ነሽ» አለ፣ ጫማውን አጠለቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። አስተማሪው በሩ ላይ ባለቤቴን ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ለቅሶ የደረሰ ነበር የሚመስለው። ሻዩ እንደተቀዳ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ለብዙ ጊዜ አላናገረኝም። ጨው ሲፈልግ እንኳ ወደ ቴሌቪዥኑ እያየ ነበር «ጨው» የሚለው። በሰፈሩ ስሜ «ያቺ እንግዳ ያባረረች» ሆነ። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ አንዲት ሴትዮ ሰላምታዋን አሳጥራብኛለች። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የነጋዴው ሚስት ከኋላ ነጠላዬን ያዘችኝ። አሁን የሚሰበሰቡት እሷ ቤት ነው፤ እሷ ደግሞ ከተገላገለች ሦስት ወር አልሞላትም፣ ጨቅላው ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ስድብ ስጠብቅ፣ «አባዮ፣ ያንን ታፔላ ከየት አገኘሽው?» አለችኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሳ። አንድ ጭስ ከአንዷ ሴት ቤት ወደ ሌላዋ ሴት ቤት ሲዞር ሕግ ተከበረ ይባላል! ሻይ ቤቱ የሶማሊኛው እንዳለው ነገርኳት።

በቅርቡ ሐኪሙ ጋ ተመልሰን ሄድን። ራጁን አይቶ፣ «በርቱ፣ ሳንባዎ እያገገመ ነው» አለው። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ «ደግ» ብሎ ኮፍያውን አደረገ። ቤት እንደገባን ሳሎን ሄዶ ፍራሹን አራገፈ፣ ትራሶቹን ደረደረ፣ ለአራት ሰው። በየቀኑ እንደሚያደርገው።

ይህን ሳይ ነው የምናደደው። ታፔላው «አትምጡ» አይልም። ማንበብ ይችላሉ፣ አንዱ እንዲያውም አስተማሪ ነው። ከሦስቱ አንዱ፣ አንድ ሰው እንኳ፣ ሲጋራውን ኪሱ ውስጥ ትቶ መጥቶ ወዳጁ አጠገብ መቀመጥ አልታየውም። ዕድሜ ልክ ወዳጅነት ያልኩት ጭስ ኖሯል። ይህን ባለቤቴም ያውቃል፤ ስላወቀ ነው ዝም ያለው።

ያን ዕለት ወደ ጓዳ ስሄድ ጠራኝ። ታፔላውን አውርጂ ሊለኝ ነው ብዬ ወገቤን ይዤ ተመለስኩ።

«ይሁን፣ እዚያው ይኑር» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ብቻ በሩን አትዝጊው።»

አልዘጋሁትም። ከሰዓት በኋላ ሁሉ ክፍት ነው። እስካሁን የገባበት አቧራ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ እየተሳደብኩ እጠርገዋለሁ።