የቻይና ጸሐፊዎችና የእኔ እጅ

ብራና ስጽፍ አረጀሁ፤ ብራናው ግን አላረጀም፤ ፍየሏ ከእኔ የተሻለ ቆዳ ነበራት። ፍኖተ ሰላም፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የቡሬው መሪጌታ ያዘዙኝን የጸሎት መጽሐፍ ልጨርስ ጥቂት ገጽ ሲቀረኝ ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሪጌታው ይህን ካዩ ሥራውን ነጥቀው ፈረስ ቤት ከተማ ላለው ጸሐፊ ይሰጡታል። ያ ጸሐፊ ደግሞ፣ ምን ላድርገው፣ ከእኔ ይበልጣል።

አስተማሪዋ ልጄ ለዕረፍት መጥታ ጭንቀቴን ብታይ፣ ከስልኳ ላይ ስለ ጥንት የቻይና ስመ ጥር ጸሐፊዎች ታነብልኝ ጀመር። አንዱ ብሩሹን ሲያጥብ ሲያጥብ ኩሬው ጠቆረ። አንዱ መነኩሴ ወረቀት ቢያጣ ሙዝ ተክሎ በቅጠሉ ላይ ይጽፍ ነበር። የአንዱ ሹም ፊደል ወፍራም፣ እግሩን አንፈራጦ የቆመ ዘበኛ ይመስላል፤ የአንዱ ንጉሥ ደግሞ ቀጭን፣ እንደ ሽመላ ቅልጥም።

«ይህኛው ጠጥቶ ነው የሚጽፍ፤ ፊደሎቹ ተያይዘው ይሮጣሉ» አለችኝ።

«ስካሩ ሲለቀውስ ያነበዋል?»

«ሲለቀውማ ልድገመው ቢል አቃተው አሉ። አንቱ ግን እንዳይሞክሯት፣ አባባ!»

ጠላ አልቀመስሁም፤ ያሰከረኝ ወሬው ነው። ቻይኖቹ ክንዳቸውን አንሥተው ከትከሻ ነው የሚጽፉ ብላኛለች። እኔ ብራናዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በጣቴ ነው የኖርሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲለሰልስ፣ ክንዴን አንሥቼ እስቲ አንዲት መስመር አልሁ። መንቀጥቀጡ ጠፋ! የመቃ ብዕሬ ተንሸራተተ፤ ፊደሉ ነፋስ እንዳስተኛው ጤፍ እየተጋደመ ሄደ። እኔም ከዚያ ኩሬ ዳር የተቀመጥሁ መሰለኝ፤ ውሃው ቀስ እያለ ይጠቁራል፣ ሽመላዎች ቆመው ያዩኛል። ስባንን ገጹ ሞልቷል።

የእኛ ፊደል እንደ አስቀዳሽ ለየብቻው የሚቆም እንጂ ተቃቅፎ የሚሮጥ አይደለም። በቢላ ልፋቀው ብል፣ ብራናው አንድ ጊዜ ተፍቆ ሳስቷል፤ ቢደገም ይበሳል።

በማግስቱ መሪጌታው መጡ። ገጹን ወደ ብርሃን አዙረው ፊደሉን በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ሳቅ አፈናቸው።

«አባቴ፣ ማኅሌት ላይ የምናሸበሽብ እኛ ነን፤ ፊደሉን ምን አግብቶት ነው?»

«ቻይና ሄጄ ነበር።»

«በየት በኩል?»

«በልጄ ስልክ።»

ሳቁ ሲያበቃ ብራናውን ጠቅልለው ታቀፉት። እኔም ብዕሬን መጠራረግ ጀመርሁ። እሳቸውም ደጁ ላይ ደርሰው ፊቴን አዩኝና ቆሙ።

«ጥቁሩን ጽሕፈት የፈረስ ቤቱ ጸሐፊ ይጨርሰው። የቅዱሳኑን ስም ቦታ ክፍት ይተውልዎታል፤ ቀዩን ቀለም እርስዎ ይሙሉት። ስም አጭር ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል።»

አሁን በቀን አንድ ስም እጽፋለሁ፤ ክንዴን አንሥቼ፣ ትንፋሼን ይዤ። ስሙ የረዘመ ቅዱስ የመጣ ዕለት ግን መካከል ላይ ዐርፌ፣ በልቤ ይቅርታ ጠይቄው ነው የምጨርስ።