አባቴ ጎመኑን የነቀለበት ዓመት

ያደግሁት አቃቂ በሰቃ፣ ወንዙ ዳር ነው። አባቴ ከአባቱ በወረሳት ቁራሽ መሬት ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለማ ነበር፤ እኔና እናቴ እያሰርን ሳሪስ ገበያ እናደርስለታለን። ያኔ ወንዙ ውስጥ የቆመ ሰው የእግሩን ጣቶች ያያል። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ልብስ ስታጥብ፣ እኔ ድንጋይ ሥር የሚሸሸጉትን ትንንሽ ዓሦች በቀሚሴ ጫፍ ልይዝ ስል ተጨማልቄ እቆነጠጣለሁ። አንድም ዓሣ ግን ይዤ አላውቅም።

ውሃው የተለወጠው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ አረፋ መጣ፤ እኛ ልጆቹ ደስ ብሎን በእጃችን እያፈስን እፍ እንለው ነበር። ከዚያ ቀለም ያመጣ ጀመር፤ አንዱን ጠዋት ቀይ፣ ሌላውን ሰማያዊ። ከፋብሪካ ነው የሚሉ ነበሩ፤ የከተማው ፍሳሽ ነው የሚሉም ነበሩ። ሁሉም ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ጠቆረና እንደጠቆረ ቀረ። እናቴ ልብሱን ቤት ማጠብ ጀመረች። አባቴ ግን ለማሳው የሚበቃ ሌላ ውሃ ስላልነበረው በዚያው ማጠጣቱን ቀጠለ። የሚገርመው፣ ጎመኑ ከድሮውም በልጦ ይፋፋ ነበር።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ የረጅም ጊዜ ደንበኛችን የሆነች ሴት፣ ሕፃን ልጇን አዝላ ከሳሪስ ድረስ መጣች። ከእኛ ከገዛችው ጎመን የተረፋትን ሁለት እስር ይዛለች።

"አባባ፣ እንዳይቀየሙኝ" አለችው። "ስቀቅለው ሽታው ቤቱን ሞላው። ለልጄ መስጠት ፈራሁ። እርስዎ ራስዎ ይበሉታል?"

ተናድጄ ልመልስላት ስል አባቴ በእጁ ከለከለኝ።

"እኛ የምንበላው የጓሮውን ነው፤ የቧንቧ ውሃ የሚጠጣውን" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ቤታችን ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ ተናግሮት አያውቅም። ሴትዮዋ ጎመኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ብትቆጣ ይሻለን ነበር።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ማሳው ወርዶ ጎመኑን ከሥሩ ይነቅል ጀመር። ከጎኑ የሚያለሙት ሽማግሌ ጎረቤታችን ሥራቸውን ትተው መጡ።

"ምን ነካህ ወንድሜ? አንተ ብትተወው ሌላው የሚተወው መሰለህ?"

"አይተወውም" አላቸው ቀና ሳይል፣ እየነቀለ።

ያ ዓመት ከባድ ነበር። አባቴ አንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ገባ። ከሥራ ሲመለስ ባዶው ማሳ ዳር ቆሞ ወንዙን ሲያይ እናቴ ከቤት ትጠራዋለች፤ አይሰማትም። እናቴም ብዙ ሳትቆይ ታማ ሞተች። እኔ አግብቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ በኋላ ነው አባቴ እንደገና እጁን አፈር ውስጥ የከተተው። የጣሪያውን የዝናብ ውሃ በበርሜል እያጠራቀመ ችግኝ ማፍላት ጀመረ። ለማዳበሪያ የሚሆነውን ብስባሽ ደግሞ እኔን አዘዘኝ።

"የድንቹን ልጣጭ፣ የጎመኑን ግንድ አትጣይው። ይዘሽልኝ ነይ።"

መጀመሪያ አፈርኩ። አንድ ቀን ባልዲዬን ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ረዳቱ አፍንጫውን ያዘ።

"እናት፣ ምንድነው የጫንሽው? ሸተተን እኮ!"

"ልጣጭ ነው። ለአባቴ።"

"ለአባትሽ ቆሻሻ?" ብላ አጠገቤ የነበረች ሴት ሳቀች። እኔም ሳቄ መጣና እስክንወርድ ድረስ ነገሩን አጫወትኳት። ለካ ከኛ ቀጥሎ ባለው ብሎክ ነው የምትኖረው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የራሷንም ልጣጭ ደጃፌ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች፤ ቀስ በቀስ ሌሎቹም ተከተሏት። አሁን የብሎካችን ግቢ ውስጥ የቆሙት ጽዶችና ሎሚዎች አባቴ ያፈላቸው ናቸው።

ወንዙ ግን እንደዚያው ነው። አሁንም ሲነጋ የእናቴን የመውቂያ ድምፅ የሰማሁ እየመሰለኝ እነቃለሁ፤ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲወቃ የሚያሰማው ድምፅ። ሴቶቹ፣ ሳቃቸው፣ ሣሩ ላይ የተሰጣው ነጭ አንሶላ ይናፍቀኛል። ለማን እንደምናገረው ግን አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ልጄን ይዣት አባቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ከአጥሩ ማዶ ያለውን የወንዙን መታጠፊያ በጣቱ እያሳየ፣ "እዚያ ጋ ጥልቅ ነበር። ከዛፉ ላይ እየዘለልን እንገባበት ነበር" አላት።

ልጄ ጥቁሩን ውሃ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

"እውነቱን ነው?"

"እውነቱን ነው" አልኳት። ላሳያት የምችለው ግን ምንም አልነበረም። አባቴ ጎንበስ ብሎ ችግኞቹን ማጠጣቱን ቀጠለ።