ድምፅ የሌለው ወሬያችን

ጥጥ ሲሸተኝ ዓይኔ ከንፈር ይፈልጋል። ትናንት ልጄ የእናቷን ፍራሽ ፈትታ ጥጡን ደሴ ፀሐይ ላይ ስታሰጣ ሸተተኝና ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቁጭ ብዬ በሐሳቤ ነው የወረድኩት።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። በጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ማሽኑ ሁሉ አንድ ላይ ሲንኳኳ የራስህን ሳል እንኳ አትሰማም። የጥጡ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ሲንሳፈፍ ይቆይና ቅንድባችን ላይ ያርፋል፤ ሁላችንም ሽማግሌ እንመስል ነበር። የምናወራው ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ነው።

ያስተማረችኝ ከማዶ ማሽን ላይ የምትሠራው ኮረዳ ናት። መጀመሪያ ከከንፈሯ የለየሁት ቃል «ጅል!» የሚል ነው፤ ድሩ ተበጥሶ እኔ እሷን አያለሁ። ኋላም እዚያው ቆሜ «ሽማግሌ ልላክ?» አልኳት።

«ላክ፤ ግን ጯሂ እንዳትልክ። አባቴ የፋብሪካ ሰው ሁሉ ይጮሃል እያለ ያማችኋል» ብላ ሳቀች። እውነቱን ነው፣ ከበር ወጥተንም እንጮህ ነበር።

ተጋባን፣ ወለድን፣ በጡረታ ልጃችን ዘንድ ደሴ ገባን። ጆሮዬ እያደር ሄደ። ልጄ ጆሮ ውስጥ የምትገባ መስሚያ አመጣችልኝ።

«አባባ፣ ስለ አላህ ያድርጓት!»

«ምን ጎደለብኝ?» አልኩና መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት። ወላሂ ምንም አልጎደለብኝም። ሚስቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እንደ ድሮው በከንፈሯ ታወራኛለች። ጎረቤቱን ሁሉ እናማለን፣ ማንም አይሰማንም።

ባለፈው ክረምት ሕመም ግማሽ አካሏን ያዛት፤ አፏም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ከንፈሯን ባይ ባይ ምንም አልለይ አልኩ። «እርስዎን እኮ ነው የምትጠራው!» እያለች ልጄ ትጮሃለች። ሚስቴ እያየችኝ አወራች፣ አወራች፣ እንባዋ ወረደ። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ተነሥቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ልጄ መስሚያዋን ሰካችልኝ። መጀመሪያ የገባው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ቀጥሎ የአንዲት አሮጊት ድምፅ፣ የሰለለ፣ የሚንቀጠቀጥ። የማን ነው ብዬ ዞር አልኩ። ሌላ ሰው የለም።

ለካ ያን ሁሉ ዘመን ከንፈሯን ሳይ የምሰማት በኮረዳዋ ድምፅ ኖሯል። ድምፅዋ እኔ ሳልሰማው አርጅቷል።

«ጅል» አለችኝ አሮጊቷ። «አሁን ገና መጣህ?»

ጥቂት ጁምዓ ሰማኋት፤ ከዚያ ቀበርናት። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ የአሮጊቷ ድምፅ ነው። የኮረዳዋን ብፈልገው አጣሁት።

ልጄ «አባባ፣ መስሚያዋን ሲተኙ እንኳ ያውልቋት» ትለኛለች።

አላወልቅም።