የፊቱ ሌላ፣ የኋላው ሌላ

ቤተሰቡ «ታናሿ» ነው የሚላት። ዕድሜዋ ከአርባ አምስት አልፏል፤ የራሷ ቤት አላት፣ አንዲት ሴት ልጅ አሳድጋ ዩኒቨርሲቲ አስገብታለች፣ ፀጉሯ ከፊት በኩል ሸብቷል። ቢሆንም ታናሽ ናት። በዚያ ቤተሰብ ታናሽነት የዕድሜ ጉዳይ ሳይሆን ሹመት ነው፤ አንዴ ከተሰጠ አይሻርም።

የሹመቱ ጥቅም ብዙ ነው። ለምሳሌ በሕይወቷ አንድም ነገር ራሷ መርጣ እንድትደክም ተደርጋ አታውቅም። ሥዕል መማር ስትፈልግ ታላቅ ወንድሟ «ሥዕል ይበላል እንዴ?» ብሎ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት አስተማራት። ባሏን ታላቅ እህቷ መረጠችላት። ሰውየው በእርግጥም እንደተባለለት ጨዋ ነበር፤ ጥሏት ሲሄድ እንኳ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። የሳሎኗን ቀለም ደግሞ ሁለቱ ተመካክረው መረጡላት። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዷ ቢጫ ብለው ሳይስማሙ ስለቀሩ ግማሽ ግማሽ ተቀባ።

ወንድምየውን «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። የአንድ መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ ሆኖ ጡረታ ወጥቷል፤ መምሪያው ለሌላ ሰው ቢሰጥም ኃላፊነቱን ግን ይዞት ቤቱ ገብቷል። እህትየዋ «እትዬ» ናት። እትዬ ዕድሜ ልኳን «ሰው ምን ይላል?» የሚለውን ጥያቄ ስታጠና ኖራለች፤ ሰው ግን ምን እንዳለ እስካሁን አልነገራትም።

ታናሿ የምትሠራው ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ሰም፣ ጄሶ፣ መቅረጫ ቢላዎችና አንዲት ትንሽ የጋዝ ነበልባል አሉ። ግድግዳው ላይ አግኝታቸው የማታውቃቸው ሰዎች መንጋጋ በጄሶ ተቀርጾ በመደርደሪያ ተደርድሯል። በመስኮቱ ባሻገር ደግሞ አናቱ ላይ የውሃ ታንከር የተተከለበት ኮረብታ ይታያል። ቀና ባለች ቁጥር ታየዋለች። ወጥታበት አታውቅም፤ ውጪ ያላት የለማ።

የክሊኒኩ ሐኪም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሆዳቸውን ሊቀንሱ ብለው የተራራ ብስክሌት ገዝተው ነበር። አንድ ቀን ነዱት። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ በኮሪደሩ የካፖርት መስቀያ ሆኖ ሲያገለግል፣ ሆዳቸውም በሰላም ኑሮውን ቀጠለ። በመጨረሻ ኮሪደሩ ሲጠባቸው ዶክተሩ «የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ» የሚባል ሽልማት ፈጠሩ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ፦ እሷና ካርድ ክፍል የሚሠራው የእህታቸው ልጅ። ልጁ «ብስክሌት ምን ያደርግልኛል?» ስላለ እሷ በከፍተኛ ድምፅ አሸነፈች።

«ጎማው ብቻ ትንሽ ያረጀ ይመስለኛል» አሉ ዶክተሩ ሽልማቱን ሲያስረክቡ።

ጎማው ትንሽ አላረጀም። ጎኑ ተሰነጣጥቆ ጣት ሲነካው ይረግፍ ነበር። እሷ ግን ብስክሌቱን እየገፋች፣ መንገድ ላይ ብቻዋን ፈገግ እያለች ቤቷ ገባች። ስህተቱን የሠራችው እሑድ ነው፤ ወንድም ጋሼ ቤት ለምሳ ተሰብስበው ሳለ አወራችው።

«ብስክሌት?» አለች እትዬ ማንኪያዋን አስቀምጣ። «በዚህ ዕድሜሽ?»

«ታናሽ ነሽ ስትሉኝ አልነበር እንዴ?»

መልሱ አልተወደደም። ወንድም ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ጉሮሮውን ከጠረገ ስብሰባ ተከፍቷል ማለት ነው።

«ትነዳለች አትነዳም የሚለውን እንለፈው» አለ። «ዋናው ጉዳይ ጎማው ነው። የተራራ ብስክሌት ከሆነ የተራራ ጎማ ያስፈልገዋል። ወፍራም! ጥርሱ እንዲህ የሆነ!» አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳየ።

«ግማሹ መንገዴ እኮ አስፋልት ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«ታዲያ ጭቃ የቻለ ጎማ አስፋልት ያቅተዋል?»

«ወፍራም ጎማ ለሴት ምን ያደርግላታል?» አለች እትዬ። «ወፍራም ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱ ወፍራም ነው የሚመስለው። የግድ ከሆነ ቀጭንና ልሙጥ ይሁን። ጥቁር።»

ጥቁር ያልሆነ ጎማ እምብዛም እንደሌለ የነገራት አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ዶክተሩም አስተያየታቸውን ሰጡ። የሰጡት የአንድ ሰውዬ ጥርስ እየነቀሉ ነው። «የውስጥ ጎማ የሌለው ነው የሚያዋጣሽ» አሉ ጉጠታቸውን ሳያላሉ። «ውስጡ ነጭ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ሲበሳ ራሱን በራሱ ይደፍናል።» አፉን የከፈተው ሰውዬ እጁን አወጣ። ያመመው መስሏቸው ነበር፤ ለካ እሱም ስለ ጎማ የሚለው ነበረው።

በከተማው ውስጥ ብስክሌት የማይነዳ ሰው ሁሉ ስለ ብስክሌት ጎማ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ሲያድር ያሸነፈው እንደተለመደው ወንድም ጋሼ ሆነ። አብሯት ሱቅ ሄደ። ባለ ሱቁ ጣቱ በቅባት የጠቆረ፣ እያንጎራጎረ የሚሠራ ሰው ነው።

«እህቴ፣ የት የት ነው የሚነዱት?» አላት።

«ተራራ ላይ» አለ ወንድም ጋሼ።

«ኪሎዎ ስንት ይሆናል?»

ወንድም ጋሼ ከላይ እስከ ታች አየት አደረጋትና ይህንንም መለሰ። ተሳሳተ፤ የተሳሳተውም ወደ ላይ ነበር። እሷ አላረመችውም። አርማው አታውቅም።

በዚህ ሁኔታ ለግንድ መጎተቻ የሚሆን ጎማ ተገጠመላት። ብስክሌቱ ሲቆም የእርሻ መሣሪያ ይመስላል፤ ሲሄድ ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። ከሩቅ ስትመጣ ሰው መኪና መስሎት ዳር ይይዛል፤ ከዚያ እሷን ሲያይ ይቀየማል። የሰፈሩ ውሾች ሳይወዱ በግድ ተከትለው ይጮሁባታል። ጠዋት ሥራ ስትደርስ ጭኗ ስለሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛው አብሯት ይንቀጠቀጣል፤ ያን ሰሞን ከሠራቻቸው ጥርሶች አንዱ አልገጥም ብሎ ተመለሰ። ኮረብታው? እንዴት ተደርጎ! አስፋልቱ ሲያልቅ የእሷም አቅም አብሮ ያልቃል።

«ከበደኝ፣ ወንድም ጋሼ» አለችው አንድ ቀን።

«አነዳድሽ ነው! ቆይ ላሳይሽ።»

ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ ወጣ። ረፋዱን ዘንቦ ነበር። እትዬ ሰው እንዳያያቸው ግራ ቀኙን እያየች፣ ታናሿ እጇን አጣጥፋ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ዳር ቆሙ። ወንድም ጋሼ አንድ ዙር በሚገባ ዞረ። ሁለተኛው ላይ ፍጥነት ጨመረ።

«ተመልከቺ! ወገብ ቀጥ! ዓይን ወደ ፊት! ከዚያ እንዲህ ጋደል ስትዪ...»

ጋደል አለ። አውራ ጣት የሚያህሉት ጥርሶች እርጥቡ አስፋልት ላይ ተጣጠፉ፣ የፊቱ ጎማ ከሥሩ ሸሸ፣ ወንድም ጋሼም ማዘጋጃ ቤቱ ወዳስተከለው አበባ ውስጥ በደረቱ ገባ። ሲነሳ ጆሮው ላይ ቢጫ አበባ ነበር።

«ወንድም ጋሼ! ተጎዳህ?»

«ምንም አልሆንኩም። ችግሩ አደባባዩ ነው» አለ ጭቃውን እያራገፈ። «ያለ ቦታው ነው የተሠራው። ድሮም ተናግሬ ነበር።»

ጉልበቱ ግን እንደ ዳቦ አብጦ ሶፋ ላይ ዋለ። እትዬ ልታስታምመው ቤቱ ከረመች፤ አስታማሚና ታማሚ በፋሻው አጠማጠም ሲከራከሩ ሌላውን ሁሉ ረሱት። እንዲህ ሆኖ ታናሿ ለጥቂት ጊዜ ያለ አለቃ ቀረች።

ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣች ብስክሌቱን እየገፋች ሱቁ ሄደች። ባለ ሱቁ ከኋላዋ ሰው ፈለገ።

«ጋሼስ?»

«ጉልበቱን እያሳረፈ ነው። እነዚህን ፍታልኝ፤ ሌላ ልመርጥ ነው።»

«ምን ዓይነት ይሁን?»

እዚህ ላይ ታናሿ ደነገጠች። ጥያቄው ለእሷ ነበር፤ የሚመልስላትም ሰው አልነበረም። ከመደርደሪያው አንድ በአንድ እያወረደች ላስቲኩን በአውራ ጣቷ መጫን ጀመረች። አንዳንዱ ድንጋይ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ሰም እሺ ይላል። ብዙ ቆየች። ባለ ሱቁ የሚያንጎራጉረውን ዜማ ጨርሶ ሌላ ጀመረ።

«ይሄ ለፊት ይሁን» አለች በመጨረሻ። ጥርሱ አጠር ያለ፣ ጎን ጎኑ ጠንከር ያለ፣ ለስለስ ያለ ላስቲክ ነው። «ለኋላ ደግሞ ይሄ።» ያኛው ቀጠን ያለ፣ መሐሉ ልሙጥ ለመሆን ትንሽ የቀረው ነበር።

«አይ እህቴ፣ እንዲህ አይሆንም። ጥንድ ነው የምንሸጠው። ጫማ በሉት። አንድ እግር ቡትስ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ያደርጋሉ?»

«እግሮቼ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። የፊተኛው ጎማ መንገዱን ይይዛል፤ የኋለኛው ይንከባለላል። ያ የኋለኛው ነው ሲጎትተኝ የከረመው።»

«ሰው ያየዋል እኮ፤ አይመሳሰልም!»

«ግጠምልኝ አልኩህ!»

ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ባለ ሱቁ ገጠመላት። ስትወጣ የሰረቀች ይመስል፣ እትዬ ብትጠይቅ የምትሰጠውን ሰበብ እያዘጋጀች ሁለት መንገድ ተሻገረች። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ወጣች።

አስፋልቱ ላይ ድምፅ የለም። ውሾቹ ተነሱ፣ አዩዋት፣ ግራ ተጋብተው ተመልሰው ተኙ። ኮረኮንቹ ጋ ስትደርስ ግን ነገር ተበላሸ። ባለ ሱቁ አኩርፎ ይሁን ለጥንቃቄ ብሎ ጎማውን እስኪወጠር ነፍቶት ኖሮ፣ በየጠጠሩ ላይ እንደ ኳስ ነጠረ፤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የኋላው ከዳትና በጎኗ ወደቀች። መዳፏ ተላጠ። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ወንድም ጋሼ ምን እንደሚል ነበር። ቀጥሎ እዚያ እንደሌለ ትዝ አላት። ማንም የለም፤ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ፌስታል ብቻ ያያታል።

ተቀምጣ ከሁለቱም ጎማዎች ጥቂት ጥቂት አየር አስወጣች። በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ ጨመር አድርጋ አስወጣች። እንደገና ወጣችበት። አሁን ጎማው ጠጠሩን እየዳበሰ ያዘው። ተንፏቀቀች፣ አለከለከች፣ አንድ ቦታ ላይ ወርዳ ገፋች፤ ከታንከሩ ሥር ስትደርስ ብስክሌቱ ላይ ነበረች።

ደስ ይለኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። የመጣባት ግን ንዴት ነው። ከተማው ከታች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ መጋዘን ተዘርግቷል፤ የክሊኒኩን የኋላ መስኮት ለየችው፣ የጥፍር ያህል ነበር። ይኸው ነው? እዚህ ለመውጣት ይህን ያህል ብቻ ካስፈለገ፣ ያን ሁሉ ዓመት እዚያች መስኮት ሥር ተቀምጣ ምን ስትጠብቅ ኖረች? ሥዕሉን አሰበች። ባሏን አሰበች፣ እሱን እንኳ ቶሎ ተወችው። የታንከሩን ብረት በጫማዋ አንድ ጊዜ መታችው፤ ባዶ ኖሮ በጣም ጮኸ። ደንግጣ ዞር ዞር አለችና ሳቋ መጣ። ደስታው ቁልቁለቱን ስትወርድ ነው የደረሰባት፤ አፏን ከፍታ ስለነበር አቧራም አብሮ ገባ።

እሑድ ወንድም ጋሼ እያነከሰ ወደ መስኮቱ ሄዶ ብስክሌቱን አየና፣ «የፊቱና የኋላው አይመሳሰልም!» አለ።

«አዎ» አለች ታናሿ፤ ምግቧን ቀጠለች።

ከሁለት ምሳ በኋላ ወንድም ጋሼ ለእንግዳ ሲያስረዳ ተሰማ፦ «የፊቱ ሌላ፣ የኋላው ሌላ መሆን አለበት ብዬ ስንት ጊዜ መከርኳት!» እትዬ በበኩሏ ቀጠን ያለና ጥቁር እንዲሆን ያዘዘችው እሷ መሆኗን አስታወሰች። ዶክተሩ ደግሞ «የእኔ ብስክሌት» ኮረብታውን እንደወጣ አፋቸውን ለከፈቱ ሁሉ ይናገራሉ። ታናሿ አልተከራከረችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትወጣለች፤ እነሱም በየቤታቸው ድሉን ይካፈላሉ።

በዓመቱ የኋላው ጎማ አለቀና ሱቁ ተመለሰች። ያ ዓይነቱ ጎማ መምጣቱ ቀርቷል። መደርደሪያው ፊት ለፊት ቆመች፣ ተጫነች፣ መለሰች፣ እንደገና አወረደች። ሰው ሲመርጥልሽ ያለው ምቾት ቀላል አይደለም፤ ቢያንስ የሚወቀስ ሰው አለሽ። አንድ ጊዜማ ስልኳን አውጥታ የወንድም ጋሼን ቁጥር ፈልጋ አግኝታ ነበር። መልሳ ከተተችውና አንዱን አነሳች።

ጥሩ ምርጫ አልነበረም። እርጥብ ጠጠር ላይ ያንሸራትታል። ታናሿ ይህን ለማንም አልነገረችም፤ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ቀስ ትላለች።